የሻይ ፋብሪካ ሙቀትና የአየሩ መንገድ

ጥቁር ሻይ የሚዘጋጀው ቅጠሉ ጠውልጎ፣ ተፈጭቶ፣ ተብላልቶና ደርቆ ነው። በካፋ ዞን ከቦንጋ ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው በውሽውሽ የሚመረተውን ሻይ የመሰለ ምርት የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን አየር ይፈልጋል። ማብላያው ቀዝቀዝ ያለና እርጥብ አየር ይሻል። ማድረቂያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቅ አየር እየነፋ የቅጠሉን እርጥበት ወደ 3 በመቶ ገደማ ያወርዳል። ይህ ሙቀት በአዳራሹ ከተጠራቀመ ሠራተኛውን ያዝላል፤ ወደ ማብላያው ከዘለቀም የሻዩን ጣዕም ያበላሻል።

ሙቀትን መከላከል የሚጀምረው ከምንጩ ነው። የማድረቂያውን ግድግዳና የሙቅ አየር ቱቦዎቹን ሙቀት በማያሳልፍ ነገር መሸፈን፣ ከማሽኑ የሚወጣውን እርጥብ አየርም በቱቦ ከጣሪያ በላይ ማውጣት ያስፈልጋል። ወደ አዳራሹ ያልገባ ሙቀት ማስወጫ አያሻውም።

የቀረውን ሙቀት ተፈጥሮ ራሷ ልታስወጣው ትችላለች። የሞቀ አየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ በምትኩ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል። ስለዚህ መግቢያው ከወለሉ አጠገብ፣ መውጫው በጣሪያው ጫፍ መሆን አለበት። የውስጥና የውጭው የሙቀት ልዩነት ሳይለወጥ በሁለቱ መካከል ያለው ከፍታ አራት እጥፍ ቢያድግ የሚያልፈው አየር እጥፍ ይሆናል። ካፋ ዝናብ የሚበዛበት አካባቢ በመሆኑ የጣሪያው መውጫ አየር እያሳለፈ ውኃ የሚከለክል ክዳን ሊኖረው ይገባል።

የቦታው ከፍታም በስሌቱ ይገባል። ውሽውሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሙቀት የመሸከም አቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 50 ኪሎዋት ሙቀት በሚለቀቅበት አዳራሽ የሚገባው አየር ሲወጣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር ከተፈለገ፣ በሰከንድ 5 ሜትር ኩብ ያህል አየር ማለፍ አለበት። ለቆላ ተብሎ የተመረጠ ማራገቢያ እዚህ ሊያንስ ይችላል።

ማራገቢያ የሚታከለው የተፈጥሮ ፍሰት ካልበቃ ነው። አየር የሚያስወጣ ማራገቢያ በቂ መግቢያ ከሌለው ግን የማድረቂያውን ምድጃ ጭስ ከጭስ ማውጫው መልሶ ወደ አዳራሹ ሊስብ ይችላል። መግቢያና መውጫው ጎን ለጎን ከሆኑ ደግሞ ንጹሑ አየር ሠራተኛው ጋ ሳይደርስ ይወጣል። አየሩን በአዳራሹ ውስጥ ብቻ የሚያሽከረክር ማራገቢያ ቆዳን ያቀዘቅዝ ይሆናል እንጂ ሙቀቱን አያስወጣም። አየሩ እርጥብ ሲሆንም ላብ በቀላሉ ስለማይተን የማራገቢያው ጥቅም ያንሳል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ሙቀትን በተመለከተ ይህን ግዴታ ለመወጣት ለፋብሪካ ባለቤት ርካሹ ቅደም ተከተል መጀመሪያ ምንጩን መሸፈን፣ ቀጥሎ ከታችና ከላይ መክፈት፣ በመጨረሻም ማራገቢያ መግዛት ነው።