ቲቪ ቦክስ ስንገዛ፦ ካርቶኑ ላይ የማይጻፈው ሒሳብ

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ደብረ ማርቆስ፣ ቤተሰቦቼ ጋ ስሄድ ቤቱ ውስጥ ኩርፊያ ጠበቀኝ። አባቴ ለዋይፋይ ራውተሩ የሚሞላው የወር ጥቅል በዘጠኝ ቀን አልቋል። ተጠርጣሪው ደግሞ የታወቀ ነው፦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪው ታናሽ ወንድሜ። "እኔ አይደለሁም" ቢልም የሰማው የለም፤ ስልኩም ተወስዶበታል።

እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ቴሌቪዥኑ ሥር በተቀመጠው ትንሽ ጥቁር ሣጥን ላይ ነበር። ከሁለት ወር በፊት የተገዛ አንድሮይድ ቲቪ ቦክስ ነው፤ ካርቶኑ ላይ "8ኬ" የሚል በትልቁ ተጽፏል። ማታ የሁሉንም ስልክ ከዋይፋዩ አላቀቅን፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋን፣ ቦክሱን ብቻ እንደተሰካ ተውነው። ጠዋት የራውተሩን ቆጣሪ ሳየው፣ ማንም ምንም ሳያይ 4 ጊጋባይት ሄዷል። በማግስቱ ማታ ቦክሱን ነቅለን ሙከራውን ደገምነው። ቆጣሪው ንቅንቅ አላለም።

ታዲያ ይህ ሣጥን ምንድን ነው? ስንገዛስ ምኑን ነው ማየት ያለብን?

ቦክስና ሪሲቨር

ቲቪ ቦክስ ስክሪንና ባትሪ የሌለው ስልክ ነው ብትሉ ብዙም አልተሳሳታችሁም። ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ማከማቻና ዋይፋይ አለው፤ ምስሉን በኤችዲኤምአይ ገመድ ለቴሌቪዥኑ ይሰጣል። ከምናውቀው ሪሲቨር የሚለየው በምንጩ ነው። ሳተላይት ለአንድ ቤትም ለሚሊዮን ቤትም የሚልከው ያንኑ ሞገድ ስለሆነ ተመልካች ቢጨምር የሚጨምር ነገር የለም። በኢንተርኔት ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቅጂ ያወርዳል፤ በጊጋባይት ለሚከፍል ሰው እያንዳንዱ ደቂቃ ገንዘብ ነው።

መጀመሪያ የዳታውን ሒሳብ እንሥራ

የቪዲዮ ፍሰት የሚለካው በሰከንድ በሚያልፈው ሜጋቢት ነው። ጥሩ የኤችዲ ምስል 5 ሜጋቢት በሰከንድ ይፈልጋል እንበል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 3,600 ሰከንድ አለ፤ 8 ቢት ደግሞ 1 ባይት ነው። ስለዚህ 5 በ3,600 አባዝተን ለ8 ስናካፍል 2,250 ሜጋባይት፣ ማለትም በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይመጣል። በቀን ሁለት ሰዓት ብናይ በወር 135 ጊጋባይት ነው።

ጥራቱን ዝቅ አድርገን በ1.5 ሜጋቢት ብናይ ግን በወር ወደ 40 ጊጋባይት ይወርዳል። ዜና ለሚያይ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፤ ኪሱ ግን በደንብ ያውቀዋል። ባለመስመር ያልተገደበ ኢንተርኔት ካላችሁ የምትከፍሉት ለፍጥነቱ ስለሆነ ጥያቄው "ስንት ጊጋ?" ሳይሆን "መስመሩ 5 ሜጋቢት ሳይቆራረጥ ይሰጠኛል ወይ?" ይሆናል።

"8ኬ" ሳይሆን ቺፑ

ቪዲዮ የሚላከው ተጨምቆ ነው። የሚጨመቅበትና የሚፈታበት ስልት ኮዴክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች 264 ዛሬም በየቦታው አለ። ከእሱ በኋላ የመጡት ቪፒ9 እና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኤቪ1 ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ምስል ባነሰ ዳታ ያስተላልፋሉ፤ ዩቲዩብም ሁለቱን ይጠቀማል።

ችግሩ አዲሶቹን ኮዴኮች መፍታት ከባድ ሥራ መሆኑ ነው። ቺፑ ለዚሁ የተሠራ ክፍል ከሌለው ሁለት ነገር ይሆናል፦ ወይ ሥራው ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ሣጥኑ ይግላል፣ ምስሉም ይንቀጠቀጣል፤ ወይ ደግሞ ብዙ ዳታ ወደሚበላው አሮጌ ኮዴክ ይመለሳል። ስለዚህ ሻጩን "ስንት ኬ ነው?" ከማለት "ኤቪ1ን በሃርድዌር ይፈታል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቴሌቪዥናችሁ ኤችዲ ከሆነ 8ኬ የሚለው ጽሑፍ ካርቶን ከማሳመር ያለፈ ጥቅም የለውም።

ሌላም ነገር አለ። ኔትፍሊክስን የመሰሉ የክፍያ አገልግሎቶች ፊልሙ እንዳይሰረቅ ዋይድቫይን በሚባል ቁልፍ ይቆልፉታል። ኤል1 የሚባለው ደረጃ የሌለው ቦክስ፣ የከፈላችሁት ለኤችዲ ቢሆንም፣ የሚያሳያችሁ ዝቅተኛውን ጥራት ነው።

ሌሊት የሚሠራው ሣጥን

አሁን ወደ 4 ጊጋባይታችን እንመለስ። አንድሮይድ ክፍት ሶፍትዌር ስለሆነ ማንም አምራች ወስዶ የፈለገውን ጨምሮበት መሸጥ ይችላል። በጉግል የተረጋገጡት ቦክሶች ምርመራ ያለፉ ናቸው፤ ያልተረጋገጡት ግን ውስጣቸው ምን እንዳለ የሚያውቀው የጫነው ሰው ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ አንድ ካናዳዊ ባለሙያ ቲ95 የሚባል ርካሽ ቦክስ ገዝቶ ሲመረምር፣ ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ ጎጂ ሶፍትዌር ተጭኖበት አገኘ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ "ባድቦክስ 2.0" ስለተባለ መረብ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በቀጣዩ ወር ጉግል ክስ ሲመሠርት በዚህ መረብ የተያዙት መሣሪያዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ገለጸ።

እነዚህ ሣጥኖች ባለቤቱ ሳያውቅ ማስታወቂያ ይጫናሉ፤ የቤቱን ኢንተርኔትም ለማያውቁት ሰው መተላለፊያ አድርገው ያከራያሉ። አንድ ወንጀለኛ በእናንተ መስመር በኩል አልፎ ቢያጭበረብር ዱካው የሚያመለክተው የእናንተን ቤት ነው። የእኛው ቦክስ በትክክል ምን ይልክ እንደነበር አላየሁም። ግን ጠፍቷል በተባለበት ሌሊት 4 ጊጋባይት የሚበላ ዕቃ ቤት ውስጥ መቆየት የለበትም።

ዲሹን ግን አታውርዱ

ቦክስ ሲገዛ "ዲሹስ ምን ያደርጋል?" የሚል አይጠፋም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ በሞባይል ኢንተርኔት የሚሠራ ቦክስ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ነበር። ዲሽ ግን የኢንተርኔት መቋረጥ አይነካውም።

ዲሽንም የሚፈትነው የጎጃም ክረምት ነው። የሳተላይቱ ሞገድ ርዝመት 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ የዝናብ ጠብታ ይመጠዋል፣ ይበትነዋልም። እዚህ ላይ የዲሹ አቅጣጫ ለውጥ ያመጣል። ኢትዮሳት ያለበት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ የሚገኘው ሳተላይት ከደብረ ማርቆስ ሲታይ ከአድማስ 64 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። በ7 ዲግሪ ምዕራብ ያለው ናይልሳት ግን ወደ ምዕራብ 37 ዲግሪ ላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ዝቅ ያለው ሞገድ በሰያፍ ስለሚመጣ በዝናቡ ውስጥ የሚጓዘው መንገድ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይረዝማል። እኩል ዝናብ እየዘነበ ናይልሳት ቀድሞ "ሲግናል የለም" ቢላችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሱቅ ስንሄድ

በአጭሩ፦ አንደኛ፣ ቦክሱ በጉግል የተረጋገጠ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ከፍታችሁ ፕሌይ ስቶር ቅንብር ላይ እዩ። "ፕሌይ ፕሮቴክትን አጥፋ" የሚል መመሪያ ካለው እዚያው ተዉት። ሁለተኛ፣ ኤቪ1ን በሃርድዌር መፍታቱንና የዋይድቫይን ኤል1 መኖሩን ጠይቁ። ሦስተኛ፣ "ሁሉም ቻናል በነፃ" ከሚል ዕቃ ራቁ። አራተኛ፣ ቤት እንደገባ እኛ ያደረግነውን የአንድ ሌሊት ሙከራ ሥሩ፤ ወጪ የለውም። አምስተኛ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጁ ስለሚዘል በስታቢላይዘር በኩል ሰኩት፤ ስትተኙም ንቀሉት።

እኛ ቤት ቦክሱ ተነቅሎ ቀረ። አባቴ ይቅርታ ማለት አይሆንለትም፤ ግን በማግስቱ ከዜና በፊት ሪሞቱን አንሥቶ፣ ከስልኩ ጋር ለወንድሜ ሰጠው።