የሕፃኑ ልብ እዚያ፣ ሐኪሙ እዚህ

ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ ከልብ እክል ጋር ይወለዳል። አብዛኞቹ ጊዜ አላቸው። ጊዜ የማይሰጡም ግን አሉ፤ በማሕፀን ሳሉ ክፍት የነበረ አንድ የደም ቧንቧ በተወለዱ በቀናት ውስጥ ሲዘጋ ደሙ ሳንባቸው ጋ መድረስ ያቅተውና ከንፈራቸው ይጠቁራል። ቧንቧውን ከፍቶ የሚያቆይ ፕሮስታግላንዲን የሚባል መድኃኒት አለ። የእክሉን ዓይነት ለይቶ የሚያሳየው ደግሞ የልብ አልትራሳውንድ፣ በተለምዶ ኢኮ የሚባለው ምርመራ ነው። መሣሪያው ከከተማ ርቆም ሊገኝ ይችላል፤ የሕፃናት የልብ ሐኪም ግን እንደ ልብ አይገኝም።

ይህን ክፍተት በስልክ መስመር ለመሙላት ቀድመው ከተነሱት መካከል በካናዳዋ ሃሊፋክስ ከተማ የሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች ይገኙበታል። በአውሮፓውያኑ 1987 ዓ.ም. በአካባቢው ካሉ ሆስፒታሎች የሚተላለፍላቸውን የልብ ምስል እዚያው በዚያው እያዩ መመርመር ጀመሩ። ልቡ ደኅና የሆነ ሕፃን በጥርጣሬ ብቻ ያን ሁሉ መንገድ ከመጓዝ ይድናል፤ የታመመውም መድኃኒቱ ተጀምሮለት ይሄዳል።

ምስል መላኩ ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ እጅን መምራት ነው። ሕፃኑ ዘንድ ያለችው ባለሙያ ቅባት በተቀባው ደረት ላይ መመርመሪያውን ታሳርፋለች፤ ሩቅ ያለው ሐኪም «ትንሽ ወደ ግራ ይውሰዱት፤ አሁን ያዘንብሉት፤ እዚያው ይያዙልኝ» ይላል። የደሙን ፍሰት የሚያሳየው ቀለም ሲከፈት ወደ መመርመሪያው የሚመጣው ደም ቀይ፣ የሚርቀው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። የጨቅላ ልብ በደቂቃ ከ120 እስከ 160 ጊዜ ያህል ስለሚመታ፣ መስመሩ ከተቆራረጠ የቫልቩ መከፈትና መዘጋት ያመልጣል። መስመር ሲደክም ቀርጾ መላክ ይቻላል፤ ያልተቀረጸውን አቅጣጫ ግን ሐኪሙ ከቢሮው ሆኖ ሊያገኘው አይችልም። ለዚህ ነው የቀጥታውን የምመርጠው፤ በየምርመራው የባለሙያዋም እጅ ይሠለጥናል።

በእኛ አገር በጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው የሩማቲክ የልብ በሽታም የብዙ ልጆችን ቫልቭ ያበላሻል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ወዳለው የልብ ማዕከል ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ከሩቅ ይመጣሉ። ከመንገዱ በፊት ልቡን በየአካባቢያቸው ማሳየት ቢችሉ ማን አስቸኳይ እንደሆነ፣ ማን ቀጠሮ እንደሚጠብቅ ይለያል። ለዚህ የማይቋረጥ መብራት፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔትና ለሕፃን የሚሆን ትንሽ መመርመሪያ ያስፈልጋል፤ ለአዋቂ የተሠራው ጥልቁን እንጂ የጨቅላን ልብ ረቂቅ ክፍሎች አጥርቶ አያሳይም።