ለታሪክ የሚታዘዝ እሳት፦ በቀመር የሚሠሩ የአኒሜሽን ኢፌክቶች ዳሰሳ

በኮምፒውተር አኒሜሽን ውስጥ ገጸ ባሕርይ የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ ጣትን፣ ቅንድብን፣ ከንፈርን አንድ በአንድ እየያዘ ይሠራል። ጭስን፣ ዝናብን፣ የሚናድ ግድግዳን ወይም የሚደነብር መንጋን ግን እንዲህ እሠራለሁ የሚል የለም፤ ብናኙ በሚሊዮን ይቆጠራል። ስለዚህ የኢፌክት ባለሙያው ነገሩን ራሱን ትቶ ነገሩ የሚመራበትን ደንብ ይጽፋል፣ ስሌቱን ለማሽኑ ያስረክባል። በሙያው ሰዎች ዘንድ “ፕሮሲጀራል” የሚባለው ይኸው ነው። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ሥራው ሁሉ ተፈጥሮን አስመስሎ የመቅዳት ሩጫ ይመስላል። እኔ ግን የዘርፉ ምርጥ ሥራዎች የተወለዱት ደንቡ ተፈጥሮን መምሰል ከቻለ በኋላ ሆን ተብሎ ሲጣመም ነው ባይ ነኝ።

ጅምሩ በ1982 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት በወጣው ሁለተኛው የ“ስታር ትሬክ” ፊልም አንዲት ሙት ፕላኔት በእሳት ቀለበት ተለብልባ ሕይወት ስትዘራ ይታያል። የሉካስፊልሙ ዊልያም ሪቭስ እሳቱን እንደ አንድ ቅርጽ አልሠራውም፤ እያንዳንዱ ብናኝ የሚፈልቅበት ቦታ፣ የራሱ ፍጥነት፣ ቀለምና ዕድሜ እንዲኖረው አደረገ። የፓርቲክል ሥርዓት የሚባለው ዘዴ ከዚህ ተነሣ። በዚያው ዓመት በወጣው “ትሮን” ላይ የሠራው ኬን ፐርሊን ደግሞ የኮምፒውተር ምስል ከመጠን በላይ ንጹሕና ማሽን ማሽን የሚል መሆኑ አንገሸገሸው። በ1985 ያሳተመው “ኖይዝ” ዘፈቀደ ቢሆንም የጎረቤት ቁጥሮች በድንገት እንዳይራራቁ የሚያለሳልስ ቀመር ነው። ደመና፣ እብነ በረድ፣ ዝገት፣ የተራራ ገጽ ዛሬም በዚህ ቀመርና በዘሮቹ ይሠራል። ፐርሊንም በ1997 የኦስካርን የቴክኒክ ሽልማት ተቀብሎበታል።

መንጋን የፈታው ክሬግ ሬይኖልድስ ነው። በ1987 ባቀረበው “ቦይድስ” እያንዳንዱ ወፍ ሦስት ነገር ብቻ ያውቃል፦ ከጎረቤት አትጋጭ፣ ጎረቤቶችህ ወደሚሄዱበት አቅና፣ ከመሀላቸው አትራቅ። መሪ ሳይኖር መንጋ ይሆናል። ዲዝኒ በ1994 ለ“ላየን ኪንግ” መንጋ ራሱ የጻፈው ፕሮግራም እንስሳቱን ሳያጋጭ በገደሉ መሀል አስሮጣቸው፤ ከዚያ የተቀረው ፊልም በእጅ የተሣለ ስለነበር መንጋውም የእጅ ሥራ እንዲመስል ተደርጎ ተቀለመ። በ“ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ” ጦርነቶች ስቲቨን ሬጀለስ የጻፈው “ማሲቭ” ለእያንዳንዱ ወታደር የራሱን የማየትና የመወሰን አቅም ሰጠው። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አንዳንዶቹ ከጦር ሜዳው ሲርቁ ታዩና “ፈርተው ሸሹ” ተብሎ ተወራ። እውነቱ ግን ቀላል ነው፤ ጠላት አጥተው ፊታቸው ወዳደረሳቸው መሮጣቸውን ቀጥለው ነበር።

የዘርፉ ዋና ሶፍትዌር የቶሮንቶው ሳይድኤፍኤክስ በ1996 ያወጣው ሁዲኒ ነው። ሥራው ኖድ በሚባሉ ሳጥኖችና በሚያያይዟቸው መስመሮች ይካሄዳል። አንዱ ሳጥን መሬት ላይ ነጥቦች ይበትናል፤ ሁለተኛው ነጥቦቹን በዛፍ ይተካል፤ ሦስተኛው ቁመታቸውን በኖይዝ ያበላልጣል፤ አራተኛው ከመንገዱ አምስት ሜትር ድረስ ያሉትን ያነሣል። ዳይሬክተሩ በመጨረሻው ሳምንት “መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፍልኝ” ቢል የሚታጠፈው መንገዱ ብቻ ነው፤ ጫካው እንደ አዲስ ራሱን ያሰናዳል።

ጭስ ግን እንዲህ ገራም አይደለም። የሚሰላው ቮክሰል በሚባሉ ጥቃቅን ኪዩቦች ውስጥ ነው። ለሙከራ ኪዩቦቹ ገዘፍ ተደርገው በቶሎ ይሰላል፣ ዳይሬክተሩም ቅርጹን ይወድደዋል። ለመጨረሻው ምስል ኪዩቦቹ ሲደቅቁ ግን ሌላ ጭስ ይወጣል፤ አዙሪቶቹ ቦታ ይቀይራሉ፣ የተወደደው ቅርጽም ይጠፋል። ነገሩ የገባቸው ባለሙያዎች ሻካራውን ስሌት መሪ አድርገው ያስቀምጡና ዝርዝሩን ከላዩ ላይ ይጨምራሉ። ፊዚክሱ ተበድሏል፤ ተመልካቹ ግን አያውቅም።

“ፍሮዘን” በ2013 ሲሠራ ዲዝኒና የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የበረዶን ጠባይ ጥሩ አድርገው ያዙት፦ እንደ ጠጣር ይጠቀጠቃል፣ እንደ ፈሳሽም ይናዳል። “ሞአና” (2016) ላይ ውቅያኖሱ ራሱ ገጸ ባሕርይ ስለሆነ ነገሩ ተገለበጠ፤ በመጀመሪያ አኒሜተሮቹ የውኃውን ዓምድ እንደ አካል አንገቱን አዘንብለው፣ አስገርመው ሠሩት፣ ከዚያ የኢፌክት ክፍሉ ውኃ አደረገው።

ከሁሉ ደፋሩ “ስፓይደር ማን፦ ኢንቱ ዘ ስፓይደር ቨርስ” (2018) ይመስለኛል። ገጸ ባሕርያቱ በአብዛኛው አንዱን አቋም ለሁለት ፍሬም ይዘው ይቆያሉ። ሲሙሌሽን፣ ማለትም የፊዚክሱ ስሌት፣ ደግሞ የሚያውቀው ያልተቋረጠ ጊዜ ነው፤ በእንዲህ ያለ ዝላይ ይደናገራል። በሶኒ ያሉት ሠሪዎች ተፈጥሮን ወደ ጎን ብለው የጃክ ከርቢን ኮሚክ አነሡ፦ ኃይል ሲፈነዳ ጭስ በመውጣት ፈንታ ጥቁር ነጠብጣቦች ይርመሰመሳሉ።

በ2023 የወጣው የፒክሳሩ “ኤለመንታል” ችግሩን ወደ ፊት አመጣው፤ ጀግናዋ ኤምበር በእሳት የተያያዘች ሴት ሳትሆን ራሷ እሳት ናት። እውነተኛ ነበልባል ደግሞ ከመፍጠኑና ከመቆራረጡ የተነሣ ፊት አይወጣውም፤ የደነገጠችውን ካዘነችው መለየት አይቻልም። በጣም ቢያረጋጉት ደግሞ ጨርቅ ይመስላል። መፍትሔው ሁለት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ በአኒሜተሩ እንቅስቃሴ ላይ የጋዝ ስሌት ይሠራል። ከዚያም ሠዓሊ የሣለውን የነበልባል ቅርጽ ከዲዝኒ የምርምር ክፍል ጋር የተሠራ የነርቭ መረብ በቮክሰሎቹ ላይ ያሰፍረዋል። ሲሙሌሽኑ እንቅስቃሴውን ሰጠ፣ ሥዕሉ መልኩን። የፊልሙ ታሪክ ምንም ይባል፣ የኤምበር ጉንጭና ፀጉር የሚገናኙበትን ቦታ ለማየት ብቻ ደግሞ ማየት አያስቆጭም።

ይህ ሁሉ የባለጸጋ ስቱዲዮ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ድሪምወርክስ የጭስና የደመና ማስቀመጫ ዘዴውን ኦፕንቪዲቢን በ2012 በነፃ ለቀቀ፤ ጭስ የሌለበትን ባዶ ቦታ ስለማይመዘግብ ብዙ ሜሞሪ ይቆጥባል። ነፃው የአኒሜሽን ሶፍትዌር ብሌንደርም በ2021 ጂኦሜትሪ ኖድስን ጨምሮ የሁዲኒን ዓይነት አሠራር ያለ ክፍያ አቀረበ። በ2025 የምርጥ አኒሜሽን ኦስካርን የወሰደው የላትቪያው “ፍሎው” በብሌንደር የተሠራ ነው፤ በጀቱ 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ጎርፍ ነው፤ ውኃ ደግሞ በዚህ ሙያ ብዙ ወጪ ከሚጠይቁት አንዱ ነው። ምስሉ የወጣው በፍጥነቱ በሚታወቀው የብሌንደር ሞተር በኢቪ ነው። የጀግናዋ ድመት ጠጉር ቀረብ ብሎ ላየው የብሩሽ ምት ይመስላል፤ ዳኞቹን ቅር አላሰኘም።