ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት፤ ስለ መኖሪያ ቤት መድን

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ደብረ ሲና በሄድሁ ጊዜ በዕድሜ የገፉ አንድ ባለሱቅ ጎረቤታችንን፥ «አባባ፥ ቤትዎ መድን ተገብቶለታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምነው ልጄ፥ ቤቴ መኪና ነው እንዴ?» ሲሉ መለሱልኝ። መልሳቸው ቀልድ ይምሰል እንጂ ትክክለኛ ነው። ለመኪና የሦስተኛ ወገን መድን መግባት በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ግዴታ ሆኗል፤ ለመኖሪያ ቤት ግን የሚያስገድድ ሕግ የለም። ቤቱን በመያዣነት ተቀብሎ የሚያበድር ባንክ ብቻ የእሳት መድን እንዲገባለት ይጠይቃል። ያልተበደረ ሰው መድን ሰጪ ደጅ የሚደርስበት ምክንያት እምብዛም የለውም።

ሥራው ራሱ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ኢምፔሪያል የተባለው ኩባንያ በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ የንግድ ሕጉም በ1952 ዓ.ም. ስለ መድን ውል በዝርዝር ደንግጓል። በ1967 ዓ.ም. ኩባንያዎቹ ሁሉ በመንግሥት ተወረሱ፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ መስኩ ለግል ባለሀብት እንደገና ተከፈተ።

አሁን ስለ ዋጋው እንመልከት። መድን ገቢው በየዓመቱ የሚከፍለው አረቦን የሚሰላው በቤቱ ግምት ላይ ነው። ግምት ሲባል ቤቱ ቢሸጥ የሚያወጣው ሳይሆን ቢፈርስ እንደገና ለመሥራት የሚፈጀው ገንዘብ ነው፤ መሬቱ አይቃጠልምና በሒሳቡ አይገባም። ቀጥሎ የቤቱ ዓይነት ይታያል። የብሎኬት ቤት ከእንጨትና ከጭቃ ከተሠራው ያነሰ መጣኔ ይታሰብለታል። ስለዚህ ጭቃ ቤት ያለው ድኻ ከእያንዳንዱ መቶ ብር ግምት ላይ ከሀብታሙ የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው። ለኩባንያው ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ለድኻው ግን ከባድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግምቱን ዝቅ አድርጎ አረቦን ለመቆጠብ ሲሞክር ነው። ለምሳሌ ያህል እንደገና ለመሥራት 1,000,000 ብር የሚፈጅ ቤት በ500,000 ብር ተገምቶ መድን ተገባለት እንበል። እሳት ተነሥቶ የ200,000 ብር ጉዳት ቢያደርስ፥ ባለቤቱ 200,000 ብር ከ500,000 ያነሰ ነው ብሎ ሙሉውን ይጠብቃል። ኩባንያው ግን ግማሹን ብቻ፥ 100,000 ብር፥ ይከፍላል፤ ባለቤቱ ለቀረው ግማሽ ራሱ የራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራልና። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የቆርቆሮና የብረት ዋጋ በመናሩ፥ ከዚያ በፊት በትክክል የተገመተ ቤት እንኳ ግምቱ ካልታደሰ ዛሬ በዚህ ወጥመድ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበው ግን ውሉ ምን ይሸፍናል የሚለው ነው። ተራው የእሳት መድን ውል እሳትንና መብረቅን ይሸፍናል። ጎርፍ፥ የመሬት መንቀጥቀጥ፥ ማዕበል፥ ሁከት የሚሸፈኑት መድን ገቢው በስማቸው ጠይቆ ተጨማሪ አረቦን ሲከፍል ነው። ይህን ይዘን ከጣርማ በር ቁልቁል እንውረድ። በሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ቤት የሚያፈርሰው ነገር ሦስት አራት ጊዜ ይለዋወጣል።

በላይኛው ተዳፋት መሬቱ ራሱ ይሄዳል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አቅራቢያ በይዛባና በአካባቢው የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከሺህ በላይ መኖሪያ ቤቶችን አጥፍቷል። ለምን ቢባል፥ የተበላሸው የእሳተ ገሞራ ዐለትና አፈር የክረምቱን ዝናብና የምንጩን ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ በቁልቁለቱ ላይ መቆም አይችልም። ይህ አደጋ በተራው ውል ውስጥ የለም፤ በተጨማሪዎቹም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ተለይቶ ይወጣል። ዝቅ ብሎ በሸዋ ሮቢት የሚያሰጋው የወንዝ ሙላት ነው፤ ይህ በተጨማሪ አረቦን ሊሸፈን ይችላል።

ወደ ሰሜን ሲሄዱ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ አለ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ ዋናው መንገድም ተሰነጣጥቋል። ያን ጊዜ ጉዳዩን ያጠኑት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሠረቱት ካናዳዊው አባ ፒዬር ጉዌን ነበሩ። ነገሩ አሮጌ ታሪክ እንዳይመስለን፥ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል።

የእሳቱም ነገር ቢሆን ቀላል አይደለም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ቤቶቹን የበላው እሳት ነበር። ነገር ግን መድን ሰጪ የሚጠይቀው ምን አቃጠለው ብቻ ሳይሆን እሳቱ ከምን ተነሣ ብሎ ነው። ከጦርነትና ከሁከት የተነሣ እሳት ከተራው ውል ውጭ ነው። የእሳት መድን የያዘ ሰው ቤቱ ተቃጥሎ ካሳ የማያገኝበት ጊዜ አለ ቢባል ጎረቤታችን የሚያምኑኝ አይመስለኝም።

አንዳንድ ጓደኞቼ፥ «እድር እያለ መድን ምን ያደርጋል?» ይላሉ። የአንድ ሰው ጎጆ ሲቃጠል መንደሩ በደቦ ወጥቶ እንጨቱን ይቆርጣል፥ ጭቃውን ያቦካል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አረቦንም ተቀናሽም የለበትም። ሆኖም ይህ የሚሆነው አንዱ ሲጎዳ ሌላው ደኅና በመሆኑ ነው። ተዳፋቱ በተንሸራተተ ዕለት የእድሩ አባላት በሙሉ አብረው ቤት አልባ ይሆናሉ፤ ማን ለማን ይቆርጣል? ኩባንያውም የመሬት መንሸራተትን የሚሸሸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃሉ፥ መድን የሚፈልገውም ስጋት ያለበት ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሸክም ለመከፋፈል መድን ሰጪዎች ራሳቸው መድን ይገባሉ፤ የጠለፋ መድን የሚባለው ይህ ነው፥ በ2008 ዓ.ም. ለዚሁ የቆመ የአገር ውስጥ ኩባንያም ሥራ ጀምሯል።

በሀብታም አገርም ቢሆን ችግሩ አልተፈታም። በካናዳ የካልጋሪ ከተማ በ2005 ዓ.ም. በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የመኖሪያ ቤት ውሎች በአብዛኛው የወንዝ ሙላትን አይሸፍኑም ነበር። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎች በተጨማሪ አረቦን መሸፈን ጀመሩ፤ ወንዝ ዳር ለሚኖረው ግን ዋጋው ከፍ ይላል ወይም ጭራሹን አይሸጥለትም። የመሬት መንሸራተትማ እዚያም በአብዛኛው ከውሉ ውጭ ነው።

ወደ ኮሌጅ ከመመለሴ በፊት ይህንኑ ለባለሱቁ ለማስረዳት ሞከርሁ። እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ ከቤታቸው በስተጀርባ ወዳለው ቁልቁለት በከዘራቸው እያመለከቱ፥ «እሳቱንስ እኔም አጠፋዋለሁ። ይህንን የሚጽፍልኝ ካገኘህ ይዘኸው ና» አሉኝ።