መለኪያው ቢሞት ዜኒት አይሞትም

ያገለገለ የፊልም ካሜራ መግዛት የሚፈልግ ወጣት ሲያማክረኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ዜኒት-ኢ። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ቅር ይለዋል። ስሙ እንደ ላይካ ወይም እንደ ኒኮን አያስጎመጅም፤ ከነሌንሱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ ሲያነሱበትም ድምፁ ክፍሉን ይሞላል። እኔ ግን ፎቶግራፍን ከሥሩ ለመማር ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ዜኒት-ኢ ከሞስኮ አጠገብ ባለችው በክራስኖጎርስክ ከተማ የተወለደ የሶቪየት ካሜራ ነው። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1965 ተጀምሮ እስከ 1980ዎቹ ዘልቋል፤ ብዛቱም ከ3 ሚሊዮን በላይ ነው። ዛሬ በርካሽ የሚገኘውም ስለበዛ እንጂ ስለማይረባ አይደለም። እኛ ዘንድ መገኘቱም አያስደንቅም፤ በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደዋል። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ኪየቭ ተምረው በተመለሱ የሰፈራችን መምህር አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ነው። አንዳንዱ ላይ የ1980ው የሞስኮ ኦሊምፒክ ምልክት ታትሟል፤ ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያመጣበት ኦሊምፒክ ነው። እንዲህ ያለውን ያገኘ ሰው እንዳይሸጠው አደራ እላለሁ።

አጠቃቀሙ ረጅም ትምህርት አይፈልግም። 35 ሚሊሜትር ፊልም ይጎርሳል፤ በአንድ ጥቅል 36 ፎቶ ያነሳል። ፊልሙን በአውራ ጣት ስበው ያሳልፋሉ፣ ሌንሱን አዙረው ፎከስ ያደርጋሉ፣ ይጫናሉ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። መርካቶ ውስጥ አንድ ነጋዴ ዜኒት አሳየኝና ገና ዋጋውን ሳልጠይቅ «ጋሼ፣ ይሄ እንኳ ሞቷል፤ ለጌጥ ካልሆነ አይሠራም» አለኝ። ምኑ እንደሞተ ስጠይቀው ካሜራው አናት ላይ ያለችውን ቀጭን የብርሃን መለኪያ መርፌ አሳየኝ። ወደ ብርሃን ቢያዞራትም ንቅንቅ አትልም። ባትሪ ሊቀይርለት አስቦ ማስገቢያውን ቢፈልግ አጥቷል። ይህን ፍርድ ከሌሎች ሻጮችም፣ ከገዢዎችም፣ የአባቱን ካሜራ ሊጥል ከተነሣ ልጅም ሰምቼዋለሁ። ፍርዱ ስሕተት ነው።

ዜኒት-ኢ ባትሪ የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። ከሌንሱ በላይ ግንባሩ ላይ ከተገጠመው ሸካራ መስታወት ኋላ ሴሌኒየም የተባለ ንጥረ ነገር አለ። ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ መርፌዋን የሚያንቀሳቅሳትም ይኸው ነው። ዘመን ሲበዛበት ሴሌኒየሙ ይደክምና መርፌዋ ትቆማለች። ነገር ግን መርፌዋ ከካሜራው መዝጊያ ጋር አልተያያዘችም። የእሷ ሥራ ምክር መስጠት ብቻ ነው። ምክሩን ሰምቶ የመዝጊያውን ፍጥነትና የሌንሱን ቀዳዳ የሚያስተካክለው የሰው እጅ ነው። መዝጊያው የሚሠራው በጥርስና በሞላ ስለሆነ መለኪያው ቢሞትም ፎቶው ይነሳል።

ታዲያ ያለ መለኪያ ብርሃን በምን ይታወቃል? በጥላ ይታወቃል። ደንቡ የቆየ ነው፦ በጠራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ ያድርጉ፤ ፍጥነቱን ከፊልሙ የISO ቁጥር ጋር ያቀራርቡ። ፊልሙ 100 ከሆነ ፍጥነቱ 125፣ ማለትም የሰከንድ 1/125ኛ ይሆናል። ከዚያ መሬት ላይ ያረፈውን ጥላዎን ይመልከቱ። ጠርዙ ጥርት ብሎ ከታየ 16 ይበቃል። ጠርዙ ከደበዘዘ 11፣ ጥላው ሊጠፋ ከደረሰ 8፣ ሰማዩ በደመና ከተሸፈነ 5.6፣ ዋርካ ሥር ወይም በረንዳ ጥላ ውስጥ ከሆኑ 4 ያድርጉት። ቁጥሩ አንድ ደረጃ በወረደ ቁጥር የሚገባው ብርሃን እጥፍ ይሆናል። ይህን ለመልመድ ፊልም እንኳ አያስፈልግም፤ ወደ ሥራ ሲሄዱ ጥላዎን እያዩ ቁጥሩን በልብዎ መጥራት ይበቃል።

እንዲያውም በሕይወት ያለው መለኪያም ያሳስታል። ለጥምቀት ጃንሜዳ ሄደው ነጭ የለበሰውን ምእመን ቢለኩ፣ መርፌዋ የምታየው ከነጠላው የሚመለሰውን ብርሃን ነው። የምታየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጋ ስለምትቆጥር ብርሃኑ በዝቷል፣ ቀንሱ ትላለች። የታዘዘውን የፈጸመ ሰው ነጠላው አመድማ፣ ፊቱ የጠቆረ ፎቶ ይዞ ይመለሳል። የጥላው ደንብ ግን የሚመዝነው ከፀሐይ የሚወርደውን እንጂ ከልብስ የሚመለሰውን አይደለምና በነጠላ አይታለልም። በእኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ደግሞ ዓይን ጥላ ውስጥ ስለሚሰጥም ለፊት ፎቶ ከ16 ወደ 11 ይውረዱ። ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ትንሽ ቢበዛበት ይችላል፤ ሲያንሰው ግን ያልተቀረጸውን የፊት መልክ ማንም አጣቢ ሊያወጣው አይችልም።

ሌንሱ ብዙውን ጊዜ ሄሊዮስ 44-2 ነው፤ አወቃቀሩ ከጀርመኑ የካርል ዛይስ ዬና ቢዮታር የተወሰደ ነው። ለቀዳዳው ሁለት ቀለበት አለው። በአንዱ ቁጥሩን ይመርጣሉ፤ በሌላው ለፎከስ ቀዳዳውን ይከፍቱና ከማንሳትዎ በፊት መልሰው ይዘጋሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። 16 መርጦ ቀለበቱን ሳይዘጋ፣ ሌንሱ ሙሉ በሙሉ እንደተከፈተ በ2 ያነሳ ሰው ፊልሙ ላይ 64 እጥፍ ብርሃን ያፈስሳል፤ ከዚያ «ካሜራው ፊልም ያቃጥላል» ብሎ ስሙን ያጠፋል። እባካችሁ፣ ካሜራውን ከመክሰሳችሁ በፊት ቀለበቱን እዩ።

ሌላም አለ። በመመልከቻው የሚታየው ፊልሙ ላይ ከሚወጣው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ዳር ላይ ያላዩት ሰው ፎቶው ውስጥ ቢገባ አይገረሙ። ፍጥነቱን የሚቀይሩት ፊልሙን ከሳቡ በኋላ ይሁን። ጥቅሉ አልቆ ማሳለፊያው እንቢ ሲል በጉልበት አይሳቡ፤ ፊልሙ ይበጠሳል። ወደ ቤቱ ሳይጠቀለልም ጀርባውን አይክፈቱ።

ሲገዙ ጀርባውን ከፍተው ያለ ፊልም በየፍጥነቱ ይሞክሩት፤ ከ30 እስከ 500 ያለው ልዩነት በጆሮም በዓይንም ይታወቃል። ሌንሱን በስልክ መብራት አሻግረው ይዩ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ካለበት ይተዉት። መርፌዋን መጨረሻ ላይ ይዩ፤ ቆማ ከሆነም ዋጋ ለማስቀነስ ትጠቅማለች።

ሄሊዮሱን ነቅለው ለዲጂታል ካሜራ እየገጠሙ አካሉን የሚጥሉትን ግን አልወድም። ሌንሱ ከጀርባ ያለውን ምስል እያሽከረከረ በማደብዘዙ ዝነኛ መሆኑን አውቃለሁ። አካሉ ግን የ42 ሚሊሜትር ጥርስ ያላቸውን የድሮ የፔንታክስና የፕራክቲካ ሌንሶችም የሚቀበል ሙሉ መሣሪያ ነው።

ትልቁ ፍጥነት 500 ስለሆነ ለአገራችን ፀሐይ 100 ወይም 200 ፊልም ይምረጡ። ከውጭ ዘመድ የሚያስመጣ ሰው ፊልሙ በእጅ ሻንጣ እንዲያዝለት ይንገር፤ ወደ ጭነት የሚገባ ሻንጣ የሚያልፍበት ጠንካራ ራጅ ያልታጠበን ፊልም ያበላሻል።

ቤታችሁ ዜኒት ካለ ለጌጥ አታስቀምጡት፤ ሞቷል ያላችሁንም ሰው አትመኑ። አንድ ጥቅል ፊልም አጉርሱት፣ ቀለበቱን ዝጉ፣ ጥላችሁን አይታችሁ አንሱ።