የጀማሪ ሯጭ መሻሻል በደሴና በኮምቦልቻ

ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደሴ እና ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ በምትገኘው ኮምቦልቻ መካከል እየተመላለሰ የሚለማመድ ጀማሪ ሯጭ መሻሻሉን በሰዓት ብቻ ሊመዝን አይችልም። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ ስለዚህ በደሴ 5 ኪሎ ሜትር በ30 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው ኮምቦልቻ ወርዶ ሰዓቱን ቢያሳጥር፣ የተለወጠው ብቃቱ ሳይሆን አየሩና መንገዱ ሊሆን ይችላል።

የጎልፍ ስፖርት ይህን ችግር በሚያስመሰግን ብልሃት ፈቶታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ በጀመረው ዓለም አቀፍ የሃንዲካፕ ሥርዓት፣ ማለትም የተጫዋቹን የችሎታ ደረጃ በቁጥር በሚገልጸው ስሌት፣ የሜዳው አስቸጋሪነት ከታሰበ በኋላ ከመጨረሻዎቹ 20 ውጤቶች ምርጥ 8ቱ ተመርጠው አማካያቸው ይወሰዳል። ጀማሪው ሯጭም በአንድ ቀን ውጤት ሳይደሰትም ሳያዝንም፣ በአንድ መንገድና በቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት የሮጠባቸውን ሳምንታት ቢያነጻጽር ይበጀዋል። ከሁሉም የሚታመነው ግን የልብ ምት ነው፤ ሯጩ እንደቆመ ሁለት ጣቶቹን ከአውራ ጣቱ ግርጌ በእጁ አንጓ ላይ አሳርፎ ለ15 ሰከንድ ይቆጥርና በ4 ያባዛል፣ ከ1 ደቂቃ በኋላም ይደግመዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሳምንት ሳምንት እየሰፋ ከሄደ፣ ሰዓቱ ባይቀንስም እንኳ ልቡ እየጠነከረ ነው።