ስለ ቢላዋ ስለት፦ አረብ ብረትና ሴራሚክ ሲነጻጸሩ

ከደሴ ከተማ በስተምዕራብ በሚገኘው በገራዶ ለሚኖር ገበሬ ስለት ቀላል ጉዳይ አይደለም። ማጭዱ ከደነዘ አጨዳው ይጓተታል፤ አጨዳው ከተጓተተም የደረሰው ሰብል ይረግፋል፥ ወይም ያልታሰበ ዝናብ ያገኘዋል። በማድ ቤትም ዱልዱም ቢላዋ ብዙ ኀይል ስለሚጠይቅ አዳልጦ ጣት ይቈርጣል። ከውጭ አገር የሚመጣው ነጭ የሴራሚክ ቢላዋ ደግሞ «አይደንዝም» እየተባለ ይመሰገናል። ስለዚህ ስለት ምን እንደ ሆነ፥ ከአረብ ብረትና ከሴራሚክም የትኛው ለእንዲህ ያለው ቤት እንደሚስማማ በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር አስበናል።

በመጀመሪያ፥ ቢላዋ የሚቈርጠው ጠርዙ ቀጭን በመሆኑ ነው። የእጃችን ኀይል በጠርዙ ስፋት ላይ ሲካፈል ግፊት ይባላል። የጠርዙ ውፍረት ከ0.02 ሚሊ ሜትር ወደ 0.002 ሚሊ ሜትር ቢወርድ፥ እጃችን ምንም ሳይጨምር ግፊቱ 10 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ስለት የሚገኘው ከቅጥነት ነው፤ የሚጸናው ግን ምላጩ በተሠራበት ነገር ጠባይ ነው።

አረብ ብረት ማለት ጥቂት ካርቦን የተቀላቀለበት ብረት ነው፤ ካርቦኑ በቢላዋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እጅ 1 እጅ እንኳ አይሞላም። ቀጥቃጩ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ወስዶ በወናፍ እሳት እስኪቀላ ያግለዋል፤ ቀጥቅጦ ቅርጽ ከሰጠው በኋላ ውሃ ያጠጣዋል። በድንገት የቀዘቀዘው ብረት እጅግ ይጠነክራል፥ ነገር ግን ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ በመጠኑ እንደ ገና ያሞቀዋል፤ ከጥንካሬው ጥቂት ቀንሶ የመቻል ጠባይ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለው ጠርዝ ሲደንዝ ብዙውን ጊዜ የሚታጠፍ ወይም የሚያልቅ እንጂ የሚሸረፍ አይደለም።

የሴራሚክ ቢላዋ ግን ብረት አይደለም። ዚርኮኒያ የተባለ ነጭ ዱቄት ተጨምቆ ከ1,000 ዲግሪ እጅግ በሚበልጥ ሙቀት ይተኰሳል። ስለዚህ ዘመዱ የእናቶቻችን ሸክላ ነው ብንል አንሳሳትም። የጃፓኑ ኩባንያ ኪዮሴራ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ቢላዋ ለገበያ አቅርቧል። አይዝግም፤ ስለቱም ከብረት ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቈያል። ነገር ግን እንደ ሸክላው መታጠፍን አያውቅም፤ አጥንት ቢመታ ይሸረፋል፥ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ይሰበራል።

የልዩነቱ ቍልፍ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ይታያል። አልማዝ 10 ሲሆን ዚርኮኒያ 8 ተኩል ያህል፥ ኳርትዝ 7፥ የቢላዋ አረብ ብረት 6 ያህል ነው። አንድን ነገር የሚሞርደው ከእርሱ የሚጠነክር ብቻ ነው። ኳርትዝ ያለበት የአሸዋ ድንጋይ ስለዚህ አረብ ብረትን ይስላል፥ ሴራሚክን ግን አይነካውም። ለሴራሚክ አልማዝ የተነሰነሰበት ሞረድ ያስፈልጋል።

ስለታም ሆኖ ተሰባሪ የሆነ ምላጭ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በገደሞታ ከ270,000 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ከባልጩት መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ባልጩት የእሳተ ገሞራ መስተዋት ነው፤ ጠርዙ ከብረት ይልቅ ይቀጥናል፥ ግን ቶሎ ይሸረፋል። በኮንሶም ቆዳ ፋቂ ሴቶች በድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ በተመራማሪዎች ተጽፏል፤ መፋቂያው ሲደንዝም ጠርዙን እየፈለጡ ያድሱታል። እንግዲህ የመሣሪያ ዋጋ የሚለካው በመጀመሪያ ስለቱ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱ መልሶ ሊያድሰው በመቻሉ ጭምር ነው።

ከዚህ የምንደርስበት ፍርድ እንዲህ ነው። ቲማቲምና ፍራፍሬ በእንጨት ጣውላ ላይ ለሚከትፍ የከተማ ቤት ሴራሚክ መልካም ነው። አጥንት ለሚለይ፥ እንጨት ለሚጠርብ፥ እህል ለሚያጭድ ግን አረብ ብረት ይሻላል፤ ሲደንዝ በደጅ ባለው ድንጋይ ይሳላል፥ ሲጐብጥ በቀጥቃጩ እጅ ይቃናል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተው ነበር። ብረትን በቀለሙ አይቶ ሙቀቱን የሚለይ ሰው የያዘው ዕውቀት እኛ በቤተ ሙከራ የምንማረው ነውና፥ ከስድብ ማዳን ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱን ጠይቆ መመዝገብም የተማሪ ሥራ ነው።